ከጮቄ ራስ እስከ ሰባራ ድልድይ

ከሩቅ የመጣ እንግዳ «በዚህ አገር ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙ የምሥራቅ ጎጃም ሰው «ኧረ ምን አለ! ከድንጋይና ከውሃ በቀር» ብሎ ይመልሳል።

መልሱ ሐሰት አይደለም። ድንጋይና ውሃ ሞልቷል። ነገር ግን አገር ለማየት የሚጓዝ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው፣ እግሩን የሚያደክመው ለዚያው ለድንጋይና ለውሃ ነው። ተራራውን ሊያይ ይመጣል። ገደሉን ሊያይ ይመጣል። ምንጩንና ወንዙን ሊያይ ይመጣል።

እንዲህ ያለ ተጓዥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጢስ ዓባይ ይሄዳል። ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚመጣው ጥቂት ነው። የአካባቢው ሰውም ቢሆን ከገበያው፣ ከደብሩና ከዘመዱ ቤት አልፎ አገሩን ዞሮ ያላየ ብዙ ነው።

እስቲ ዛሬ በንባብ አብረን እንጓዝ። ስንጓዝም ውሃውን እንከተል። ውሃው ከየት እንደሚነሣ፣ ወዴት እንደሚወርድ፣ ማን እንደሚጠብቀው እንይ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርጎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጨርስ ደጀን ይደርሳል። ደጀን ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። የግራው ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዳል። የቀኙ የትመንን አልፎ ቢቸና ያደርሳል። ከቢቸና ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም ጉንደ ወይን፣ ከዚያም ሞጣ ይመጣል። ከሞጣ ወዲያ መንገዱ እስከ ባሕር ዳር ይቀጥላል።

በዚህ በቀኙ መንገድ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው የጮቄ ተራራ በስተግራው ነው። የዓባይ ሸለቆ ደግሞ በስተቀኙ ነው። መንገዱ በሁለቱ መካከል ያልፋል። ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ሙጋና ሱሃ ከነዚህ ወንዞች መካከል ናቸው። ዓባይም ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ፣ ይህን ሁሉ ውሃ እየተቀበለ ይሄዳል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ላይ ተራራ አለ። መካከል ሜዳ አለ። ታች ገደልና ወንዝ አለ። ሦስቱን የሚያገናኘው ውሃ ነው።

የቢቸና ሜዳና ገደል

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ሰፊ ሜዳ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት እግር ይይዛል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ታዲያ ይህ አስቸጋሪ አፈር ነው ጥሩ ጤፍ የሚሰጠው። በጥቅምትና በኅዳር ሜዳው ሲያሽት፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ባሕር ይንቀሳቀሳል። ይህን ባለአገሩ በየዓመቱ ስለሚያየው አይደንቀውም። ከከተማ የመጣ ሰው ግን ቆሞ ያየዋል።

ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው መሬቱ ድንገት ያልቅበታል። ከእግሩ ሥር የዓባይ ሸለቆ ይከፈታል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ጋቢውን ይከናነባል። ታች የወረደ ሰው ደግሞ ነጠላውንም ይጥለዋል። ሁለት አገር ነው፣ ደጋና በረሃ። ማዶ የሚታየው ተራራ ቅርብ ይመስላል። ድምፅ ቢያሰሙ የሚሰማ ይመስላል። በእግር ሲሞክሩት ግን ወርዶ መውጣቱ ጉልበት ይጨርሳል።

ይህ ገደል ታሪክም አለው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ለአርበኞች ምሽግ ሆኗል። በዚህ አካባቢ በረሃ ወርደው ከተዋጉት አርበኞች ስሙ ጎልቶ የሚነሣው በላይ ዘለቀ ነው። ለጠላት ጦር አስቸጋሪ የሆነው ገደል አገሩን ለሚያውቀው ሰው መጠጊያ ሆነ።

ዲማና ደብረ ወርቅ

ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች። ሁለቱም ጥንታውያን ገዳማት ናቸው። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቦታዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከሩቅ አገር እየመጣ ተምሮባቸዋል። ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። «እኛ እንግዳ ማስተናገድ የት እናውቃለን?» የሚል ሰው አለ። ያውቃል እንጂ! የማያውቀውን የሰው ልጅ፣ የአገሩን ስም እንኳ ሳይጠይቅ፣ ቁራሽ እየሰጠ ያስተማረ አገር ነው። ለእንግዳ ቦታ መልቀቅ፣ እግር ማጠብ፣ ያለውን ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው።

ጮቄ፣ የውሃ ቤት

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,100 ሜትር ከፍታ አለው። ከቢቸና በኩልም፣ ከሞጣ በኩልም ይታያል። ከደብረ ማርቆስ የሚነሣ ሰው በሮብ ገበያ አድርጎ ይወጣዋል።

ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አዝመራው ይለወጣል። መጀመሪያ ጤፉ ይቀራል። ከዚያ ስንዴውና ባቄላው ይቀራል። ገብስና ድንች ይመጣል። ከዚያም በላይ ሲወጡ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይታያል። በመጨረሻ ጓሳና ጅባራ ይመጣሉ።

ጓሳን ባለአገሩ በደንብ ያውቀዋል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ጅባራ ደግሞ እንግዳ ሰው አይቶ የማይጠግበው ተክል ነው። ቅጠሉ በአናቱ ላይ እንደ ዘውድ ይከበባል። ብዙ ዓመት ቆይቶ ከመካከሉ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል። ዘንጉ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጅባራ የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ስለዚህ ሳያብብ የተቆረጠ ጅባራ ዘር አይተውም።

ጥዋት ጮቄ ላይ ጉም አለ። ውርጭም አለ። ጉሙ ሲገፈፍ ከየጉድባው ትንንሽ ምንጮች ሲንጠባጠቡ ይሰማሉ። አንዱ ምንጭ እንስራ አይሞላም ያሰኛል። ነገር ግን አንዱ ከአንዱ እየተገናኘ ጅረት ይሆናል። ጅረቱ ወንዝ ይሆናል። ለዚህ ነው ጮቄ የዓባይ የውሃ ማማ የሚባለው።

በጋ ዝናብ ሳይኖር ውሃው ከየት ይመጣል? መልሱ ከእግራችን ሥር ነው። ዝናብ ጓሳ ላይ ሲወርድ ሣሩ ጉልበቱን ይሰብረዋል። ውሃው ቀስ ብሎ ሥሩን ተከትሎ ወደ መሬት ይገባል። መሬቱ እንደ ጋን ያቆየዋል። በጋ ሲመጣ በምንጭ በኩል ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይሰጠዋል።

ሣሩ ከተነሣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተራቆተ ዳገት ዝናቡን አይዘውም። ውሃው ይሮጣል። ሲሮጥም አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ክረምት ዓባይ ቡና መስሎ የሚወርደው ለዚህ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ወንዝ ከግንዱ ጋር ማሳችንንም ይዞ ይዞራል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዳገቱ የታጠበ አፈር የሚያርፈው እዚያ ግድብ ውስጥ ነው። ላይ ያለው ገበሬ አፈሩን ያጣል። ታች ያለው ግድብ ደለል ይቀበላል።

ጮቄ ዛሬ ችግር ላይ ነው። ማረሻ ወደ ላይ ወጥቷል። ከብት በዝቶበታል። ጓሳውና አስታው ተመናምኗል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ወድዶ አይደለም። ልጆች ተወልደዋል። መሬት ጠቧል። ራሱ የቆመበትን ዳገት የሚያርስ ሰው ሌላ የሚያርሰው ስላጣ ነው። ስለዚህ «አትረሱ» ብሎ መሄድ ብቻውን አይበቃም። ሣሩ ሳይታረስ የሚያበላበት መንገድ መኖር አለበት።

አንዱ መንገድ እንግዳ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 የጮቄ ተራራ ኢኮ መንደርን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ቆጥሮታል። ይህ ማለት ያ «ድንጋይና ውሃ» የምንለው ነገር በዓለም ፊት ተመዝኖ ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

ሞጣና ሰባራ ድልድይ

ከጮቄ በሰሜን በኩል ስንወርድ ሞጣ እንደርሳለን። ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። በድሮ ዘመን ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚሻገር ነጋዴ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር።

ከሞጣ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። ወዲህ ጎጃም ነው። ወዲያ ደቡብ ጎንደር ነው። ድልድዩ የተሠራው በዐፄ ፋሲል ዘመን ነው ይባላል። ዐፄ ፋሲል የነገሡት ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነበር። የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። ሲሚንቶ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ያን የሚያህል ውሃ በሚወርድበት ቦታ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው ቅስት አቆሙ። ድልድዩም ለብዙ ትውልድ ሰውንና ከብትን አሻገረ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ጦርነቱ አለቀ። ድልድዩ ግን ሳይጠገን ቀረ።

ታዲያ ሰው ምን አደረገ? መሻገሩን አልተወም። ገበያው ማዶ ነው። ዘመዱ ማዶ ነው። በተሰበረው ቦታ ግራና ቀኝ ወንዶች ይቆማሉ። ገመድ ይወረውራሉ። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል። ከዚያ የወዲህኞቹ እየለቀቁ፣ የወዲያኞቹ እየሳቡ፣ በአየር ላይ ያሻግሩታል። ከሥሩ ዓባይ ይጮሃል። ገመዱ ቢበጠስ፣ ወይም የአንዱ እጅ ቢዝል፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሰው ለአንድ ቁና ጨው፣ ለአንድ ለቅሶ፣ ነፍሱን ለገመድ ይሰጥ ነበር።

ይህን ሁኔታ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ቀረጸችው። ፎቶግራፉ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባል የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ሥዕሉን አየ። ድልድይ መሥራት እችላለሁ ብሎ ተነሣ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2002፣ በሞጣ በኩል መጣ። መኪና የማይደርስበት ገደል ስለሆነ የብረቱ ዕቃ በአህያና በሰው ትከሻ ወረደ። ከአካባቢው ሰው ጋር ሆነው በተሰበረው ቅስት ላይ የብረት መሻገሪያ ዘረጉ። ስድሳ ዓመት ያህል ሲወረወር የኖረው ገመድ ዐረፈ።

ግን ዓባይ ዓባይ ነው። በ2005 የመጣ ጎርፍ ድልድዩን አፈረሰው። እንደገና ታሰበ፣ እንደገና ተመከረ። በ2009 ከውሃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የሽቦ ገመድ ድልድይ ተሠራ። መኪና አይሄድበትም፤ ለእግረኛ ነው። ድርጅቱም ከዚህ ተነሥቶ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሠርቷል። የሁሉም መነሻ ግን ይኸው የሞጣ ቁልቁለት ነው።

ተጓዥ ቢመጣ አሮጌውን ቅስት ያያል። ፋሲል ያቆሙት ድንጋይ እዚያ ነው። አዲሱንም ድልድይ ያያል። በመካከላቸው የወደቀውን ዘመን ደግሞ የሚነግረው የአገሩ ሽማግሌ ነው። በገመድ ተስቦ የተሻገረ ሰው ዛሬም አለ። ይህን ታሪክ ልጆች ከአባቶቻቸው ጠይቀው በደብተር ቢጽፉት መልካም ነው። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም።

ለተጓዥ የሚሆን ምክር

ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያለው ነው። በጥቅምትና በኅዳር ዝናቡ ያባራል፣ አገሩ ግን ገና ለምለም ነው፣ ምንጩም ሙሉ ነው። ክረምት ዋልካው አያስኬድም።

ወደ ጮቄ የሚወጣ ሰው ወፍራም ልብስ ይያዝ። ቀስ ብሎ ይውጣ። ከፍታው ያልለመደውን ሰው ራሱን ያመዋል፣ ትንፋሹንም ያሳጥረዋል። ከበረታበት ወደ ታች መውረድ ነው መድኃኒቱ።

ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው የሚጠጣ ውሃ ይያዝ። በረሃው ወባ አለበት። ስለዚህ አጎበር ያስፈልጋል። ወንዙ ውስጥ አዞ ስላለ መዋኘት አይገባም። ያለ መንገድ መሪ አይወረድም። መውረዱ ቀላል ነው፣ ችግሩ መውጣቱ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ውጊያ ስለተነሣ የጉዞው ነገር እንደ ቀድሞው አልሆነም። መንገደኛ የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰው ሳያጣራ አይነሣ።

ለባለአገር የሚሆን ምክር

እንግዳ ሲመጣ ዋጋ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። የመንገድ መሪው፣ የበቅሎው፣ የእራቱና የመኝታው ዋጋ ሳይነሡ ይታወቅ። «እንደ ፈቃድህ ስጠን» ማለት ጨዋነት ይመስላል። መጨረሻው ግን ብዙ ጊዜ ቅሬታ ነው።

ተራው በሰፈሩ ሁሉ ይዙር። አንድ ቤት ብቻ ከተጠቀመ ሌላው «ለኔ ምኔ ነው» ብሎ ጓሳውን ያጭዳል። ልጆች እንግዳን ተከትለው እንዳይለምኑ ይመከሩ። የሚጠጣው ውሃ ይፈላ። ገብስ ቆሎ፣ ድንች ቅቅል፣ እንጀራ በሽሮ ይበቃል። እንግዳው የከተማ ምግብ ፍለጋ አልመጣም።

የመንዝ ሰዎች ምን አደረጉ?

ሣርን ጠብቆ መጠቀም ይቻላል ወይ? ለዚህ በሰሜን ሸዋ የሚገኘውን የመንዝን ጓሳ መመልከት ይጠቅማል። የመንዝ ሰዎች ከ400 ዓመት በፊት ጀምሮ ጓሳቸውን በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሕጉ ቄሮ ይባል ነበር። አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋሉ። ሲደርስ በቀን ቀጠሮ ይከፍታሉ፣ ሁሉም ያጭዳል። ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል።

በዘመናት መካከል ሕጉ ተናግቶ ያውቃል። ሕዝቡ ግን በአዲስ መልክ አቆመው። ዛሬ በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። እነሱን ለማየት እንግዳ ይመጣል። የእንግዳ ማረፊያውም የሕዝቡ ነው። ሣሩም ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይሆናል። እንግዳው የሚያየውና ባለአገሩ የሚጠቀምበት ነገር አንድ ሆነ ማለት ነው።

ጮቄም እንዲሁ ነው። ጅባራው ከጠፋ እንግዳው ይቀራል። እንግዳው ይቅር እንበል። ጓሳው ከጠፋ ግን የሱሃና የሙጋ ውሃ በበጋ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ተጓዡ አይደለም፤ እሱ ሌላ ተራራ ያገኛል። የሚጎዳው እንስራ አዝላ ምንጭ የምትወርደው እናት ናት።

አባቶች «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላሉ። ይህ ተረት እውነት እንዳይሆንብን፣ በየቀበሌው የትኛው ዳገት ይዘጋ፣ የትኛው ይታጨድ፣ ማን ይጠብቅ ብሎ መምከር ያስፈልጋል። ምክሩም በቃል ብቻ አይቅር። አሁን መጻፍ ይቻላል። ይጻፍ፣ ይፈረምበት፣ ለሁሉም ይነበብ።

የቃላት ፍች

አፋፍ፦ የገደል ጫፍ
ቅስት፦ እንደ ደጋን ጎብጦ የሚሠራ ግንብ
ደለል፦ ጎርፍ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈር
የውሃ ማማ፦ ብዙ ወንዞች የሚነሡበት ከፍተኛ ቦታ
ደበሎ፦ የበግ ቆዳ ልብስ

እንወያይበት

1. በበጋ ዝናብ ሳይኖር ምንጭ ውሃ የሚሰጠው ለምንድን ነው?
2. ሰባራ ድልድይ በተሰበረ ጊዜ ሰዎች እንዴት ይሻገሩ ነበር? በሰፈራችሁ የሚያስታውስ ሽማግሌ አለ?
3. በቀበሌያችሁ ከ20 ዓመት በፊት ይፈስ የነበረ፣ ዛሬ የደረቀ ምንጭ አለ? ከበላዩ ያለው ዳገት ምን ሆነ?
4. እንግዳ ቢመጣ የምታሳዩትን ሦስት ቦታ በደብተራችሁ ጻፉ።